ታጣፊው ካራቫን፦ ከጓሮ ወጥቶ ወደ ጓሮ የተመለሰ ዕቃ

 

ዛሬ የአንድ አሜሪካዊ ዕቃ ታሪክ ልጽፍላችሁ ነው። ዕቃው ታጣፊ ካራቫን ነው። ሲዘጋ ከመኪና ኋላ የሚጎተት ዝቅ ያለ ሣጥን ይመስላል። ሲከፈት ጣሪያው ወደ ላይ ይነሳል፣ ከፊትና ከኋላ ሁለት አልጋዎች ተስበው ይወጣሉ፣ ዙሪያው በሸራ ይጋረድና ትንሽ ቤት ይሆናል። አሜሪካ ያላችሁ በየሰዉ ጓሮ ቆሞ ሳታዩት አትቀሩም። አሮጌው በርካሽ ይሸጣል፤ አንዳንዱማ «ብቻ ከዚህ አንሱልኝ» ተብሎ በነፃ ይሰጣል። ይህን አሮጌ ገዝተው በገዛ እጃቸው የሚያድሱ ሰዎች ብዙ ናቸው።

እኔ የሙያ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና አንድ የተበላሸ ዕቃ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጥያቄ «ማን ሠራው? ለምንስ እንዲህ አድርጎ ሠራው?» የሚል ነው። የዚህን ካራቫን ታሪክ ያወቀ ሰው የትኛው ቦታው እንደሚበሰብስ፣ የትኛው እንደሚድን፣ የቱ ጋ ገንዘቡን ማውጣት እንዳለበት አብሮ ያውቃል። ታሪኩ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለው። ካራቫኑ መጀመሪያ የተሠራው በተራ ሰዎች ጓሮ፣ በመዶሻና በሸራ ነው። ፋብሪካ የወሰደው ኋላ ነው። ዛሬ አሮጌውን የሚያድስ ሰው ዕቃውን ወደ ተወለደበት እጅ እየመለሰው ነው ማለት ይቻላል።

በእኛ ዘንድ ካራቫን ሲባል ሌላ ነገር ትዝ እንደሚለን አውቃለሁ። እሱንም ወደ መጨረሻው አነሳዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መኪናና ድንኳን

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪናው ነው። ሄንሪ ፎርድ «ሞዴል ቲ» የተባለውን መኪና በ1908 ሲያወጣ ዋጋው 850 ዶላር ነበር። በ1913 ፋብሪካው ውስጥ መኪናው እየተንቀሳቀሰ፣ ሠራተኛው በቦታው ቆሞ የሚገጣጥምበትን ዘዴ ካስገባ በኋላ ዋጋው እየወረደ ሄደና በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ሆነ። ምርቱ በ1927 እስኪቆም ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ መኪና ወጣ። ገበሬውም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም፣ አስተማሪውም መኪና ያዘ። ባቡር በሚሄድበት ሰዓትና ሐዲድ ብቻ ይጓዝ የነበረ ሕዝብ ልቡ ወዳሰበው መሄድ ጀመረ። የሎውስቶን የሚባለው ታዋቂው ብሔራዊ ፓርክም በ1915 በሩን ለመኪና ከፈተ።

ታዲያ መንገደኛው የት ይደር? ሆቴሉ ያለው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ ዋጋውም ለድሃ አይቀመስም። ስለዚህ ሰው ድንኳኑንና ብርድ ልብሱን መኪናው ላይ ጭኖ ወጣ። ሸራውን በመኪናው ጎን አስሮ ከሥሩ ይተኛ ነበር። ሀብታሞቹም ቢሆኑ አልቀረባቸውም፤ ፎርድ ራሱ ከቶማስ ኤዲሰንና ከጎማ ፋብሪካው ባለቤት ከሃርቪ ፋየርስቶን ጋር ሆኖ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ መጀመሪያ በየበጋው ወደ ጫካ ይወጣ ነበር። የእነሱ ድንኳን ግን ምግብ አብሳይና አገልጋይ የተከተለው ነበር።

አገልጋይ የሌለው ሰው ችግሩ መሬቱ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ከላይ ሸራው ቢይዝለት ከታች ጭቃው ይገባበታል። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ድንኳኑን ሁለት ጎማ ባለው ጋሪ ላይ መትከልና አልጋውን ከመሬት ከፍ ማድረግ። በ1920ዎቹ እንዲህ ያለ የድንኳን ጋሪ የሚሠሩ ትንንሽ ድርጅቶች በየግዛቱ በቀሉ። በኢንዲያና ግዛት ቴሬ ሆት ከተማ «ጊልኪ»፣ በኒውዮርክ ግዛት ኖርዊች ከተማ «ቼናንጎ» ይጠቀሳሉ። መሃሉ ሣጥን፣ ሁለት ወደ ውጭ የሚዘረጉ አልጋዎች፣ በላዩ ሸራ። ከመቶ ዓመት በኋላ ያለው ታጣፊ ካራቫንም ከዚህ ንድፍ ብዙም አልራቀም።

የጣሳ መንገደኞች

በ1919 በፍሎሪዳ ግዛት ታምፓ ከተማ፣ ደሶቶ በሚባል ፓርክ ውስጥ የሰፈሩ መንገደኞች ማኅበር አቋቋሙ። ስማቸውን «የጣሳ ቱሪስቶች» አሉት። መንገድ ላይ የሚበሉት የታሸገ የጣሳ ምግብ ነበርና ስሙ አላሳፈራቸውም። እንዲያውም አባል የሆነ ሰው ባዶ ጣሳ በመኪናው ራዲያተር ክዳን ላይ በይዶ ይሄድ ነበር፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ በጣሳው ይተዋወቃሉ፣ የአንዱ መኪና ሲቆም ሌላው ወርዶ ያግዘዋል።

ይህን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። የካራቫን ሙያ የተስፋፋው በእንደዚህ ያለ ሰፈር ውስጥ ነው። አንዱ አልጋውን በማጠፊያ እንዴት እንዳያያዘ ሌላው ያያል፤ ቤቱ ሲመለስ የራሱን አሻሽሎ ይሠራል። መሐንዲስ አልነበረም፣ ደረጃ የሚያወጣ መሥሪያ ቤትም አልነበረም። ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ነው የሄደው፤ የእኛ አባቶች አንጥረኝነትንና ሸክላ ሥራን፣ ሽመናንም እንዳስተላለፉት ማለት ነው።

ከዝናብ የተማሩ ሁለት ሰዎች

አርተር ሸርማን በዲትሮይት የመድኃኒት ድርጅት የነበረው የባክቴሪያ ሊቅ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ለቤተሰቡ አንድ የድንኳን ጋሪ ገዛ። ማስታወቂያው «በደቂቃዎች ውስጥ ይተከላል» ይል ነበር። መንገድ ወጡና ዝናብ ያዛቸው። በደቂቃዎች ይተከላል የተባለው ድንኳን ብዙ ጊዜ ፈጀ፣ ቤተሰቡም በሰበሰ። ሸርማን ተመልሶ ሸራ የሚባል ነገር የሌለው፣ ግድግዳው ጠንካራ የሆነ ሣጥን አሠራ። ግድግዳው ሜሶናይት የሚባል፣ ከእንጨት ጭረት በእንፋሎትና በግፊት የሚሠራ ሰሌዳ ነው፤ ዊልያም ሜሰን የተባለ ሰው በ1924 ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ የፈጠረው። ሸርማን ካራቫኑን «ከቨርድ ዋገን» ማለትም «ባለ ሽፋን ሠረገላ» ብሎ በ1930 በዲትሮይት የመኪና ትርኢት ላይ አቀረበው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ድርጅቱ ከአገሪቱ ትልቁ የካራቫን አምራች ሆነ።

ሁለተኛው ሰው ዋሊ ባያም ይባላል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ መጽሔት አሳታሚ ነበር። ሚስቱ መሬት ላይ መተኛትና መሬት ላይ ማብሰል አልፈልግም ስላለችው በሞዴል ቲ ሻንሲ ላይ ድንኳን ሠራላት፤ እሱ አላረካም፣ ቀጥሎ ከእንጨት ሠራ። ከዚያ «በ100 ዶላር ካራቫን እንዴት ይሠራል» የሚል ጽሑፍ አወጣ። አንባቢዎች ዝርዝሩን ሲጠይቁት ሥዕላዊ መመሪያ አዘጋጅቶ አንዱን በ1 ዶላር ይሸጥ ጀመር። መመሪያውን ገዝቶ በጓሮው የሠራ ሰው ብዙ ነው። ባያም በ1931 የመሠረተው ኤርስትሪም የተባለው ድርጅት ዛሬም አለ፤ የሚያብለጨልጩትን ባለ አሉሚኒየም ካራቫኖች የሚሠራው እሱ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ጠንካራ ግድግዳ ያለው፣ ከባድና ውድ ካራቫን ሆነ። ሌላው ሸራውን ያልተወ፣ ቀላልና ርካሽ፣ ትንሽ መኪና የሚጎትተው ካራቫን ሆኖ ቀጠለ። የእኛ ታሪክ የሁለተኛው ነው።

ረሃብና ጦርነት

በ1929 የአሜሪካ ገበያ ወደቀ፤ የ1930ዎቹ ሥራ አጥነት መጣ። ካራቫን የመዝናኛ ዕቃ ነውና ይጠፋል ብሎ የሚያስብ ይኖራል። እንዲያውም በዛ። ቤቱን ያጣ ሰው ካራቫን ውስጥ ገባ፣ ሥራ ፍለጋ የሚዞር ሰው ካራቫን ጎተተ። «ፖፑላር መካኒክስ»ን የመሰሉ የእጅ ሥራ መጽሔቶች ንድፍ ያትሙ ነበር፣ ሰዉም በአሮጌ መኪና አክስልና በተረፈ ጣውላ ይሠራ ነበር። በወቅቱ ታዋቂ የነበረው የኢኮኖሚ ተንታኝ ሮጀር ባብሰን በ20 ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ሕዝብ ግማሹ ካራቫን ውስጥ ይኖራል ብሎ ተንብዮ ነበር። ትንቢቱ አልደረሰም፤ ነገር ግን የዘመኑን ስሜት ይነግረናል።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። አሜሪካ በ1941 መጨረሻ ስትገባበት አሉሚኒየሙም፣ ብረቱም፣ ጎማውም ለጦር ሠራዊት ሆነ። የመዝናኛ ካራቫን ምርት ቆመ፤ ኤርስትሪምም በሩን ዘጋ። ፋብሪካዎቹ የተሠሩት ካራቫኖች ለጦር መሣሪያ ሠራተኞች መኖሪያ እንዲሆኑ ነበር።

ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ ሠራዊቱ የተረፈውን ዕቃ ለሕዝብ ሸጠ። ድንኳን፣ ታጣፊ አልጋ፣ በጂፕ የሚጎተት ትንሽ ጋሪ፣ ሁሉም በርካሽ ተገኘ። ከጦር ሜዳ የተመለሰውም ወጣት ሸራ መትከልና ማጠፍ ያውቃል። ወታደር የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ድንኳን በጨለማ የተከለ እጅ አይረሳውም።

መንገዱ ሲሠራ

ታጣፊው ካራቫን ወርቃማ ዘመኑን ያገኘው ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ነው። በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ 41,000 ማይል የሚሆን ሰፊ አውራ ጎዳና እንዲሠራ አዘዘ። በዚያው ዓመት ብሔራዊ ፓርኮችን ለማደስ የ10 ዓመት ዕቅድ ተጀመረ። ልጆች የበዙበት ዘመን ነበር፣ ዓመታዊ ፈቃድም ነበረ፣ ገንዘቡ ግን ለአምስትና ለስድስት ሰው ሆቴል አይበቃም። ታጣፊው ካራቫን ለእነዚህ ቤተሰቦች ልክ ሆነ።

በኦሃዮ ግዛት ሃሚልተን ከተማ የሚሠራው «ኒምሮድ» ተወዳጅ ነበር፤ ስሙ በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈው አዳኙ ናምሩድ ነው። በሚሺጋን ግዛት ላፒር ከተማ «አፓቼ» ይሠራ ነበር፤ ኋላም በሸራ ፈንታ ጠንካራ የፕላስቲክ ግድግዳ ያለው ታጣፊ አወጣ። በፋኖስና በምድጃ የታወቀው የካንሳሱ ኮልማን ድርጅትም በ1960ዎቹ መጨረሻ ገበያውን ገባ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሎይድ ቦንትሬገር ታሪክ ነው። ይህ ሰው በኢንዲያና ግዛት ሚድልበሪ በሚባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የነበረ ገበሬና የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ጣሪያውን በቀላሉ የሚያነሳ ዘዴ ፈጠረና በ1968 በእርሻው ላይ በነበሩ የዶሮ ቤቶችና ጎተራ ውስጥ ጄይኮ የሚባለውን ድርጅት ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት 15 ሠራተኞች ይዞ 132 ታጣፊ ካራቫን ሸጠ። ጄይኮ አድጎ ከአገሪቱ ትላልቅ አምራቾች አንዱ ሆነ፤ በ2016 በሌላ ትልቅ ድርጅት ተገዛ። ከሚድልበሪ ብዙም በማይርቅ ርቀት ጎሸን የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟ ያዕቆብና ልጆቹ በግብፅ ከሰፈሩባት ከጌሤም የተወሰደ ነው። ብዙዎቹ ታጣፊ ካራቫኖች ጣሪያቸውን የሚያነሱበት መሣሪያ እዚያ ይሠራ ስለነበር መካኒኮች ዛሬም በከተማይቱ ስም ይጠሩታል። በዚህ አካባቢ ያሉት የአሚሽና የሜኖናይት ሃይማኖት ሰዎች በእንጨት ሥራ የታወቁ ናቸውና የፋብሪካዎቹ እጅ እነሱ ነበሩ።

በጥቅምት 1973 የነዳጅ እገዳው ሲመጣ የከባድ ካራቫን ገበያ ወደቀ። ታጣፊው ዝቅ ያለና ቀላል ስለሆነ ነፋሱን ብዙም አይገፋም፤ ትንሽ መኪናም ይጎትተዋል። ስለዚህ ነዳጅ ለሚቆጥብ ሰው ጥሩ ምርጫ ሆኖ ቆየ።

እንዴት ተሠራ? ለምንስ ይበሰብሳል?

አሁን ወደ ዕቃው ውስጥ እንግባ። ታጣፊ ካራቫን ሲሠራ የሚታሰበው አንድ ነገር ነው፤ ክብደት። ሻንሲው ቀጭን ብረት ነው። ወለሉ ኮምፔንሳቶ ነው። ግድግዳው ቀጭን የእንጨት ፍሬም ሆኖ በላዩ ስስ አሉሚኒየም ይለብሳል። ጣሪያውም እንዲሁ፤ በእንጨት ፍሬም ውስጥ ፎም፣ በላዩ አሉሚኒየም። ፋብሪካው ይህን ሁሉ የሚያያይዘው በምስማር፣ በቪቴና በማሸጊያ ነው።

ማሸጊያው በፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ውኃ በምስማሩ ቀዳዳ ይገባል። አሉሚኒየሙ ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም፤ ከውስጥ ግን እንጨቱ እንደ እርጥብ እንጀራ ሆኗል። የታጣፊ ካራቫን ሞት ከዝገት ይልቅ በብዛት ከዚህ የተነሳ ነው።

ሸራውም የራሱ ጠባይ አለው። የቀድሞው ሸራ ጥጥ ነው። ጥጥ ሲረጥብ ክሩ ያብጣል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ውኃ አያሳልፍም። ስለዚህ አዲስ የጥጥ ሸራ መጀመሪያ ሆን ተብሎ ረጥቦ ይደርቃል። ነገር ግን እርጥቡን አጥፎ የዘጋው ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሻጋታ ያገኘዋል። ሠራዊት ውስጥ እርጥብ ድንኳን አጥፋችሁ አትተዉት የሚባለው ለዚሁ ነው።

ጣሪያውን የሚያነሳው ነገር ደግሞ ብልሃት አለው። ከፊት ያለውን እጀታ ስታዞሩት የሽቦ ገመድ ይጠቀለላል። ገመዱ ከወለሉ ሥር ለአራት ተከፍሎ ወደ አራቱ ማዕዘን ይሄዳል። በየማዕዘኑ ያለው ጠንካራ ሞላ በቱቦ ውስጥ ተገፍቶ እርስ በርሱ የሚገባ ምሰሶን ወደ ላይ ያወጣል። አራቱ እኩል እስከተነሱ ድረስ አንድ ሰው ብቻውን ጣሪያውን ያነሳዋል። አንዱ ገመድ ከላላ ወይም አንዱ ፑሊ ከደረቀ ጣሪያው ይንጋደዳል።

የእድሳቱ ቅደም ተከተል

ብዙ ሰው እድሳት የሚጀምረው ከቀለምና ከትራስ ነው። ፎቶው ያምራል፤ በመጀመሪያው ዝናብ ግን ሁሉም ይጠፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ። ታሪኩ የሚያስተምረን ቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

ከመግዛት በፊት። ሻጩ ጣሪያውን እስከ መጨረሻ አንስቶ ያሳያችሁ። «እቤት ስትደርሱ ትከፍቱታላችሁ» ካለ ትታችሁ ሂዱ። ውስጥ ገብታችሁ አሽትቱ፤ ሻጋታ አፍንጫ አያታልልም። በካቻቢቴ ጫፍ የወለሉን ጠርዝና የጣሪያውን ማዕዘን ጫን ጫን አድርጉ። ጠንካራ እንጨት ይመልሳል፤ የበሰበሰ ግን ይውጣል። ወለሉ ብቻ ከሆነ ይሠራል። ጣሪያውም፣ ግድግዳውም፣ ሻንሲውም አንድ ላይ ከሄዱ ግን በነፃ ቢሰጧችሁም ውድ ነው።

አንደኛ፣ ውኃውን ማቆም። ጣሪያው ሳይደፈን ሌላ ሥራ አይጀመርም። አሮጌው ማሸጊያ ተፍቆ ይነሳል፣ መገጣጠሚያው ይጸዳል፣ ቡቲል የሚባለው እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ጥብጣብ ከብረቱ ሥር ይገባል። በየሱቁ የሚገኘውን ሲሊኮን ዝም ብሎ ከላይ መቀባት ለጊዜው ያሽጋል፤ በኋላ ግን በላዩ ምንም ነገር አይያዝም፣ የሚጠግነውም ሰው ይረግማችኋል።

ሁለተኛ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ ማውጣት። ብስባሹ ካለቀበት አልፋችሁ ጤነኛው እንጨት ድረስ ቁረጡ። አዲሱ ኮምፔንሳቶ ከአሮጌው ጋር ውፍረቱ እኩል ይሁን፤ ጠርዙንም ሳትገጥሙት በፊት ቀቡት፤ ውኃ የሚጠጣው በጠርዙ ነውና። ሻንሲው ከዛገ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ብየዳውን ለባለሙያ ስጡት፤ ከኋላችሁ የሚነዳ ሰው አለ።

ሦስተኛ፣ ጎማና ኩሽኔታ። የጎማው ጥርስ አዲስ መሰለ ብላችሁ አትመኑ። ከ2000 ወዲህ በተሠራ ጎማ ጎን ላይ በአራት አሃዝ የሚያልቅ ጽሑፍ አለ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዓመታት የቆመ ካራቫን ጎማው ሳይነዳ ያረጃል፤ ከአምስት ስድስት ዓመት ካለፈው ቀይሩት። ኩሽኔታው ወጥቶ ይታጠብ፣ አዲስ ግሪስ ይግባበት። መብራቱና ፍሬኑም ይፈተሽ።

አራተኛ፣ ማንሻው። ገመዱ ከተፈተለበት የተበጠሰ ክር ካለው ይቀየር፤ ፑሊዎቹ ይቀቡ። ይህን ስትሠሩ በአራቱም ማዕዘን ጠንካራ እንጨት ደግፉ። በገመድ ብቻ ከተያዘ ጣሪያ ሥር ጭንቅላቱንም እጁንም የሚያስገባ አይኑር።

አምስተኛ፣ ጋዝ። የጋዙን መስመር በሳሙና ውኃ ቀቡት፤ አረፋ ካወጣ ያፈሳል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይገጠም። በሸራ ቤት ውስጥ ለሙቀት ብሎ ምድጃ ማንደድ ወይም ከሰል ማስገባት ፈጽሞ አይሆንም። እኛ ቡና ወዳድ ሕዝብ ነን፤ ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭም ይቅር።

ስድስተኛ፣ ሸራው፣ ቀለሙና ትራሱ። ሸራውን በለስላሳ ብሩሽና በቀላል ሳሙና እጠቡት፤ በረኪና ክሩን ይበላል። ትንሽ ቀዳዳ ይጣፋል። ሙሉው ከተቀደደ አዲስ ማሰፋት ነው፤ ከእድሳቱ ወጪ ትልቁ ብዙ ጊዜ ይህ ነውና ከመግዛታችሁ በፊት አስቡት። ቀለምና ትራስ በመጨረሻ ይምጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ካራቫኑ ላይ የሚችለው ከፍተኛ ክብደት የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ አለ። ቀጭኑን በወፍራም ጣውላ፣ ቀላሉን በሴራሚክ የሚተካ ሰው ቤት የሠራ መስሎት አክስሉን ይሰብራል። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሁሉን ነገር ስስ ያደረጉት ቸግሯቸው ብቻ አልነበረም፤ መኪናው ማቀበቱን እንዲወጣ ነው። ሲጫንም ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መኪናው ላይ በሚያያዝበት በፊቱ በኩል ይረፍ፤ ኋላው ከከበደ መንገድ ላይ እንደ ጅራት ይወዛወዛል።

ከፋብሪካ ወደ ጓሮ

ኋላ ላይ ታጣፊው እየቀነሰ መጣ። መኪናው ትልቅ ሆነ፣ ሰዉም ቁልፍ ሲጫን የሚከፈት ቤት ፈለገ። የኮልማን የካራቫን ክፍል በ1989 ፍሊትዉድ ለሚባል ድርጅት ተሸጠ፤ ፍሊትዉድም በ2009 ከሠረ፤ ታጣፊ ካራቫን የሚሠራው ክፍሉ ለሌላ ተሽጦ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን አቆመ። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሆቴልና አውሮፕላን የፈራ ሕዝብ ወደ ካራቫን ዞረ፤ በ2021 ከአሜሪካ ፋብሪካዎች 600,000 የሚሆን የመዝናኛ ተሽከርካሪ ወጣ። ከዚህ ውስጥ ታጣፊው በጣም ጥቂት ነበር። ስለዚህ ታጣፊ የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው አሮጌውን ነው፤ መለዋወጫው ካልተገኘ ደግሞ ራሱ ይሠራዋል። ማጠፊያውን ይቀጠቅጣል፣ ሸራውን ይሰፋል። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው።

የእኛው ካራቫን

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ወደ እስራኤል መጡ። ብዙዎቹ መጀመሪያ በሆቴልና በመቀበያ ማዕከል፣ ቀጥሎ በካራቫን ሰፈር ተቀመጡ። በቤርሼባ አጠገብ ናሐል ቤካ፣ በአኮ አጠገብ ሐጽሮት ያሳፍ፣ በኢየሩሳሌም ጊቭዓት ሐማቶስ የሚሉት ስሞች ለስንቶቻችን የልጅነት ስሞች ናቸው! ካራቫን ተባለ እንጂ ወዴትም አይሄድም ነበር። በበጋ ይግላል፣ በክረምት ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ስስ ነው። ለጥቂት ጊዜ ተብሎ የተሰጠው ለብዙ ቤተሰብ የዓመታት ቤት ሆነ። አብዛኛው ሰው ቤት መግዣ ብድርና እርዳታ እያገኘ በ1990ዎቹ ውስጥ ለቆ ወጣ።

ታላላቆቻችን ካራቫን የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው የሚለወጠው ለዚህ ነው። ልጃቸው «ካራቫን ገዝቼ ላድስ ነው» ቢላቸው «ደግሞ ልትመለስበት ነው ወይ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ልዩነቱን ማስረዳት የእኛ የልጆቻቸው ፋንታ ነው። ሁለቱም ስስ ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱም ይበርዳቸዋል። ያኛው ግን የመንግሥት ነበር፤ የት እንደሚቆም የወሰነው ሌላ ሰው ነው፣ መቼ እንደሚለቀቅም የሚያውቅ አልነበረም። ይህኛው ጎማ አለው፤ ባለቤቱ ሲፈልግ ይከፍተዋል፣ ሲፈልግ አጥፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እያንዳንዱን ቪቴ ያሰረው ራሱ ነው።

ደግሞም አንድ ነገር አንርሳ። በዚያ በተሰጣቸው ካራቫን ውስጥ እናቶቻችን እንጀራ ጋግረዋል፣ ቡና አፍልተዋል፣ ሰንበትን አክብረዋል። አባቶቻችን የሚያፈሰውን ደፍነዋል፣ የተሰበረውን አቁመዋል። ስሙን እድሳት አላሉትም እንጂ ሥራው ያው ነበር። እጅ ያለው ሰው ያገኘውን ቤት ያደርገዋል።

አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ከጎረቤት ጓሮ የቆመውን አሮጌ ካራቫን ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ካቻቢቴውን ያዙና ወለሉን ጠይቁት። ልጆቻችሁንም አብራችሁ አሠሩ፤ ቪቴ ማሰር ከትንሽነት ነው የሚለመደው።

ቸር ያሰማን፣ ሰላም ሰንብቱ።